ከአያቴ ጣዝማ እስከ ሆስፒታሉ ትል፦ ነፍሳት የቆዳ ቁስል ያድናሉ?

ቁስል ላይ ዝንብ ስታርፍ እጃችን ሳናስበው ይነሳል። እሽ እንላታለን። ልክም ነን፤ ከየት ተነስታ ምን ረግጣ እንደመጣች አይታወቅም። «ቁስሉ ተላ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህም ይከፋል። አስታማሚ ያጣ፣ ጠያቂ የሌለው ሰው ምልክት ነው። ኢዮብ የመከራውን ጥልቀት ሲናገር ሥጋው ትል መልበሱን ያነሳው በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ዛሬ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ራሱ ትል የሚያዝበት ጊዜ አለ። በስኳር ሕመም የቆሰለ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ ሽታው ክፍሉን የሚሞላ እግር ላይ ነርሷ ትንንሽ የዝንብ ትሎች ታስቀምጣለች። በመረብ ጨርቅ ትሸፍናቸዋለች። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ስትገልጠው የሞተው ሥጋ ተነስቶ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ብቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

እኛ ቤት ደግሞ አያቴ ነበረች። ጓዳዋ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የተቀመጠ የጣዝማ ማር አይጠፋም። ለሳል እሱ፣ ለጉሮሮ እሱ፣ ጉልበታችን ሲላጥም እሱ። እኔ ይህን ለረጅም ጊዜ የፍቅር ጉዳይ እንጂ የሕክምና ጉዳይ አድርጌ አላየሁትም ነበር።

ነገሩን አጥብቄ እንድከታተል ያደረገኝ የአንድ ዘመዴ እግር ነው። ስኳር አለበት። ጫማው የላጠውን ትንሽ ቦታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማር እየቀባ ቤት ተቀመጠ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ማሩ መርዝ ሆኖበት አይደለም። እንዲያውም ማር ባክቴሪያ ይገድላል። ታዲያ ምን ተሳሳተ? ይህን ስጠይቅ ነው ስለ ትል፣ ስለ ንብ፣ ስለ ጢንዚዛና ስለ ፌንጣ ማንበብ የጀመርኩት።

ሁለቱ ወታደሮች

የሆስፒታሉ ትል ታሪክ ከጦር ሜዳ ይነሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዘመን በወታደሮች ቁስል ላይ ትል አይቶ ጽፏል። የናፖሊዮን ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ በግብጽና በሶርያ ዘመቻ ላይ ትል የወረሰው ቁስል ቶሎ ሲጠግግ ተመልክቷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ የደቡቡ ጦር ሐኪም ጆን ዛካሪያስ ትልን ሆን ብሎ ቁስል ላይ አድርጓል።

ጉዳዩን ወደ ሆስፒታል ያስገባው ግን ዊልያም ቤር ነው። አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ቁስለኞች መጡለት። የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ሥጋቸውን ቀዶ ወጥቷል። ሆዳቸውም ቆስሏል። ሰባት ቀን ሙሉ ያለ ምግብና ያለ ውሃ ሜዳ ላይ ወድቀው ነበር። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብራት የደረሰባቸው ሰዎች ጥሩ እንክብካቤ አግኝተው እንኳ ከአራቱ ሦስቱ ይሞቱ ነበር። እነዚህ ግን ትኩሳት እንኳ የላቸውም። ልብሳቸው ሲገለጥ ቁስሉ በብዙ ሺህ ትል ተሞልቷል። ቤርን ቀፈፈው። ትሉ ታጥቦ ሲወገድ ግን ከሥሩ የታየው መግል ሳይሆን ሮዝ የሆነ ጤናማ ሥጋ ነበር።

ይህ ነገር ከአእምሮው አልወጣም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1928፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሞከረው። በሽተኞቹ አጥንታቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ አልድን ያላቸው አራት ልጆች ነበሩ። ቁስላቸው በስድስት ሳምንት ውስጥ ጠገገ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ ልብ ነው። ቤር ሕክምናውን ሲያሰፋ ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹን ቴታነስ ያዛቸው። ይኸው መንጋጋ ቆልፍ የምንለው። ዝንቦቹ ከሰፈር የተያዙ ነበሩ። ትሎቻቸው ቁስሉን እየጠረጉ የሌላ በሽታ ዘር ይዘሩ ነበር ማለት ነው። ቤር ይህን አልሸፈነም። ሕክምናውንም አልጣለም። እንቁላሎቹን በኬሚካል አጥቦ ከጀርም ነጻ የሆኑ ትሎችን ማርባት ጀመረ። ጽሑፉ በ1931 ታተመ፤ እሱም በዚያው ዓመት አረፈ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ300 በላይ የሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች ትል ይጠቀሙ ጀመር። ትል አሽጎ የሚሸጥ የመድኃኒት ድርጅትም ነበር። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲመጣ ሁሉም ተረሳ። ማን ክኒንና መርፌ እያለ ትል ያረባል? ነገሩ እንደገና የተነሳው ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክን እየለመዱ፣ የስኳር ሕመም ቁስልም እየበዛ ሲመጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮናልድ ሸርማን የተባለ ሐኪም በ1990 አካባቢ እንደገና ሞከረው። በ2004 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) ለገበያ ፈቀደው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥም ተመራማሪዎች ለዚሁ ሕክምና የሚሆነውን ዝንብ በቤተ ሙከራ ያረባሉ።

ትሉ ምን ያደርጋል?

ዝንቧ ሉሲሊያ ሴሪካታ ትባላለች። ጀርባዋ እንደ ብረት አረንጓዴ የሚያብለጨልጨው ናት። ትሎቿ ሲቀመጡ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጠጋሉ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቁስል ላይ ከአምስት እስከ አሥር ይደረጋሉ። ጥርስ የላቸውም። ምራቃቸውን ይተፋሉ፤ ምራቁ የሞተውን ሥጋ ያሟሟዋል፤ ከዚያ ይመጡታል። ሕያውን ሥጋ ይተዉታል። የቀዶ ሐኪም ቢላ የሞተውን ሲቆርጥ ጥቂት ሕያው ሥጋም አብሮ መንካቱ አይቀርም። ትሉ በዚህ ይበልጠዋል።

ምራቁ ሌላም ሥራ አለው። የቆየ ቁስል ላይ ባክቴሪያዎች ብቻቸውን አይቀመጡም። እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይደበቃሉ። መድኃኒት ቢቀባ እዚያ ድረስ አይደርስባቸውም። የትሉ ምራቅ ይህን ሽፋን ይፈታዋል። የተዋጡት ባክቴሪያዎችም አብዛኞቹ ትሉ ሆድ ውስጥ ያልቃሉ። በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች ከዚሁ ትል ሉሲፌንሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተዋል።

ለምን ትል ውስጥ መድኃኒት ይገኛል? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ደስ ይላል። ትሉ የሚያድገው ጥንብ ውስጥ ነው። በባክቴሪያ ባሕር ውስጥ ይዋኛል። እኛ እንዳለን ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል የለውም። ስለዚህ ባክቴሪያን የሚበሳ የራሱን ኬሚካል ማምረት አለበት፤ ካላመረተ ይሞታል። ነፍሳት እንዲህ ያለ መከላከያ እንዳላቸው ጎልቶ የታወቀው በ1981 ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሃንስ ቦማን ከባልደረቦቹ ጋር ከአንድ ትልቅ የእሳት ራት ሴክሮፒን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ለይቶ አሳየ። ይህን ልብ በሉልኝ። ነፍሳቱ መድኃኒቱን የሠሩት ለራሳቸው ነው። ለእኛ ብለው አይደለም። ለእኛ እንዲሆን ከተፈለገ ሰው የሚጨምረው ሥራ አለ።

ደግሞ ትል ሁሉን አድራጊ እንዳይመስላችሁ። በ2009 እንግሊዝ ውስጥ እግራቸው ላይ የቆየ ቁስል ባላቸው 267 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል። ቁስሉን ከሞተ ሥጋ ለማጽዳት ልቅ ትል በመካከለኛ ስሌት 14 ቀን ፈጀበት። በከረጢት የታሰረ ትል 28 ቀን፣ የተለመደው የጄል ሕክምና 72 ቀን። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን የፈጀው ጊዜ ግን ተመሳሳይ ነበር። ሕመሙም በትል የታከሙት ላይ በእጥፍ ያህል በረታ። ትል ጎበዝ ጠራጊ ነው እንጂ ጨራሽ ሐኪም አይደለም። የደም ዝውውሩ ካልተስተካከለ፣ ስኳሩ ካልወረደ፣ የተጠረገው ቁስል እዚያው ይቀመጣል።

ቤት ውስጥ ዝንብ እንዲያርፍበት መተውስ? በጭራሽ። አንደኛው ምክንያት ቤር ያየው ቴታነስ ነው። ሁለተኛው ዝንብ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። በአፍሪካና በእስያ የሚኖር አንድ የዝንብ ዓይነት እንቁላሉን በቁስል ዳር ይጥላል፤ ትሉ የሚበላው ግን ሕያው ሥጋ ነው። ከብት አርቢ ይህን ጉዳት በደንብ ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ በሞቃታማው አፍሪካ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ ትሉ ጤናማ ቆዳ በስቶ ገብቶ እንደ ብጉንጅ ያብጣል። ውጪ የተሰጣ ልብስ ይተኮስ የሚባለው ለውበት ብቻ አይደለም። የትኛዋ ዝንብ እንዳረፈች በዓይን አይለይም።

ጣዝማና ማር

አሁን ወደ አያቴ ጠርሙስ እንመለስ። ማር የነፍሳት ሥራ ነው። ቁስል ላይ የመዋሉ ታሪክም ከሁሉም ያረጀ ነው። የዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ የተጻፈ የግብጽ የቀዶ ሕክምና ጽሑፍ ለቁስል የሚያዘው በመጀመሪያው ቀን ጥሬ ሥጋ፣ ከዚያ በየቀኑ ስብ፣ ማርና የተልባ እግር ጭረት ነው። ስቡና ማሩ አየርና ቆሻሻ ይከለክላሉ። ጭረቱ ፈሳሽ ይመጣል። ስለ ባክቴሪያ ምንም ሳያውቁ የዛሬውን የቁስል መሸፈኛ የሚመስል ነገር ሠርተዋል።

ማር እንዴት ባክቴሪያ ይገድላል? አንዱ መንገድ ቀላል ነው። ማር ውስጥ ውሃ ጥቂት፣ ስኳር ብዙ ነው። ብዙውን ጊዜ ውሃው ከመቶ 20 አይበልጥም። ባክቴሪያው ማር ሲነካ ውሃው ከውስጡ ተመጦ ይወጣል፤ ይደርቃል። ሥጋ በጨው ሲታሽ እንደማይበላሸው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ማር ጣፋጭ ቢሆንም ኮምጣጣ ነው፤ አሲድ አለው። ብዙ ባክቴሪያ ይህን አይወድም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይገርመኛል። ንቦች ማር ሲሠሩ አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያስነሳ ንጥረ ነገር፣ ከራሳቸው ይጨምሩበታል። ኢንዛይሙ ወፍራም ማር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ይነቃል። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመርታል። ፋርማሲ ገብተን ቁስል ለማጠብ የምንገዛው የሚያፈላው ውሃ ይኸው ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ከጠርሙሱ ስናፈስ በአንዴ ይፈላና ጤናማውንም ሥጋ ያቃጥላል። ማሩ ግን በቀስታ ነው የሚለቀው። በ2010 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ደግሞ ማር ውስጥ ንቦች ለራሳቸው መከላከያ የሚሠሩትን ፕሮቲን አግኝተዋል። ከትሉ ሉሲፌንሲን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ማኑካ ከሚባል ቁጥቋጦ የሚገኘው ማር ደግሞ ኃይሉ ከአበባው በመጣ ሌላ ኬሚካል ነው።

ጣዝማ ከዚህ ሁሉ ለየት ትላለች። መንደፊያ የላትም። ከዝንብ ብዙም አትበልጥም። ቤቷን መሬት ውስጥ ነው የምትሠራው። ገበሬ ወይም እረኛ ጣዝማዎቹ የሚገቡበትን ትንሽ ቀዳዳ አይቶ፣ ቆፍሮ ያወጣዋል። ማሩ ቀጠን ይላል፣ ጎምዘዝ ይላል፣ የሚገኘውም ጥቂት ነው። ዋጋው የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ሕዝቡ ጣዝማን ከምግብ ይልቅ እንደ መድኃኒት ነው የሚያየው። በ2013 ጎንደር ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ የተራ ንብ ማርንና የጣዝማ ማርን በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ ላይ አወዳደሩ። ከባክቴሪያዎቹ ውስጥ ቆዳን የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ይገኝበታል፤ አንቲባዮቲክ የለመደውም ጭምር። ባክቴሪያዎቹን ይበልጥ ያቆመው ጣዝማ ነበር። አያቴ ይህን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ነገር ግን የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያና እግር ላይ ያለ ቁስል ይለያያሉ። ሳህን ላይ ደም የለም፣ መግል የለም፣ የታፈነ ጫማ የለም። በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች በ2015 ተሰብስበው ሲመዘኑ የማር ውጤት እንደየቁስሉ ተለያየ። መካከለኛ ጥልቀት ያለው ቃጠሎ ከተለመዱት መሸፈኛዎች ይልቅ በማር ከአራት እስከ አምስት ቀን ቀድሞ ዳነ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልም ተጠቅሟል። በደም ሥር ችግር የመጣ የእግር ቁስል ላይ ግን ማር ጥቅም አላሳየም። ኒውዚላንድ ውስጥ 368 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም በ2008 ያሳየው ይህንኑ ነው። ጥልቅ ቃጠሎ ደግሞ ቀዶ ሕክምናና የቆዳ ንቅለ ተከላ ይፈልጋል። እሱን በማር ይዞ ቤት መቀመጥ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሌላው የማሩ ንጽሕና ነው። በ2007 አሜሪካ ውስጥ ለቁስል የተፈቀደው ማር ከገበያ ተገዝቶ የሚቀባው ማር አይደለም። በጋማ ጨረር ከጀርም የጸዳ ነው። ለምን አልተፈላም? ሙቀት ያን የተኛ ኢንዛይም ስለሚገድለው። ጥሬ ማር ውስጥ የአንዳንድ አደገኛ ባክቴሪያዎች ዘር ተኝቶ ሊኖር ይችላል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አታልሱ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ አገር ደግሞ በስኳር የተበረዘ ማር ችግር አለ። ስኳር ብቻውን ውሃ ይመጥ ይሆናል፤ ኢንዛይሙ ግን ከየት ይመጣል? ጣዝማ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ሁሉ አትመኑ።

የሚያቃጥለው ጢንዚዛ

ስለ ጢንዚዛው ስጽፍ እጄ ትንሽ ይጠነቀቃል። በዓለም ላይ ሲነካ ቆዳን ውሃ የሚያስቋጥር የጢንዚዛ ቤተሰብ አለ። ቻይናዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደ መድኃኒት ተጠቅመውበታል። አውሮፓም ውስጥ አረንጓዴው ዓይነት ተፈጭቶ ይሸጥ ነበር። መርዙ ካንታሪዲን ይባላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፒየር ሮቢኬ በ1810 ለይቶ አውጥቶታል። ወንዱ ጢንዚዛ ለሴቷ ያቀብላታል፤ እሷም እንቁላሎቿን ትጠብቅበታለች። እዚህም መድኃኒቱ የተሠራው ለራሳቸው ነው።

ካንታሪዲን የላይኛውን የቆዳ ሕዋሳት ያያያዘውን ማሰሪያ ይፈታዋል። ቦታው ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይላጣል። ቫይረስ ያለበት ሥጋ ከሆነ አብሮ ይነሳል። የሚፈታው የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጠባሳ አይተውም። በልጆች ቆዳ ላይ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ፣ ዕንቁ የሚመስሉ ትንንሽ እብጠቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቫይረስ ነው የሚያመጣቸው። በሐምሌ 2023 ኤፍዲኤ ለእነሱ ካንታሪዲን ፈቀደ። መጠኑ ከመቶ 0.7 ነው። ዕድሜያቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። ባለሙያ በእያንዳንዱ እብጠት ላይ ጠብ ያደርገዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ ይታጠባል።

ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ነገር። ይህን ያህል የሚጠነቀቁት ቢዋጥ ከአንድ ቁንጥር ጨው ያነሰ መጠን ሰው ስለሚገድል ነው። ኩላሊትና አንጀት ያቃጥላል። ሰፊ ቆዳ ላይ ቢቀባም ወደ ደም ይገባል። የተፈጨ ጢንዚዛ ዱቄት ውስጥ ስንት ካንታሪዲን እንዳለ ማንም በዓይኑ መለካት አይችልም። ስለዚህ ማንም ቢሰጣችሁ አትቀቡት።

ፌንጣው ኪንታሮት ነቀለ?

የስዊድን ገበሬዎች እጃቸው ላይ ኪንታሮት ሲወጣ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ፌንጣ ይዘው ያስነክሱት ነበር። የስዊድኑ የተፈጥሮ ሳይንቲስት ሊኔየስ በ1758 ለዚህ ፌንጣ ስም ሲያወጣ በላቲን «ኪንታሮት በላ» ብሎታል። ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ኪንታሮቱም ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ግን የእጅ ኪንታሮት በራሱ ይጠፋል። ከሦስት ሁለቱ ምንም ሳይደረግለት በሁለት ዓመት ውስጥ ይከስማል። ሰውነት ቫይረሱን አንድ ቀን ያውቀውና ያባርረዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ፌንጣ ካስነከስክ ምስጋናው ለፌንጣው ይሆናል። ቅጠል ካሸህ ለቅጠሉ ይሆናል። ሰዎቹ አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ያላዩት ሳይነከስ የዳነውን ነው። ብጉንጅም እንደዚሁ ነው፤ በስሎ ፈንድቶ ሲሽር የመጨረሻው የተቀባው ነገር ስም ያገኛል።

ጭርት፣ ቋቁቻና እከክ ግን እንዲህ በመጠበቅ አይሄዱም። ጭርትና ቋቁቻ ፈንገስ ናቸው። የፈንገስ ቅባት ይፈልጋሉ። እከክ ከዓይን የምታመልጥ ፍጥረት ቆዳ ውስጥ እየሰረሰረች የምታመጣው ነው። መድኃኒቱን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልተቀባ ተመልሳ ትመጣለች። ማርም ትልም ለእነዚህ አይደሉም።

ሰው ብቻ አይደለም በዚህ የተጠመደው። ጋቦን ውስጥ ሎአንጎ በሚባል ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪዎች በ2019 ሱዚ የተባለች ቺምፓንዚ ነፍሳት ከአየር ላይ ይዛ በከንፈሯ ጨምቃ የልጇ ቁስል ላይ ስታደርግ ቀርጸዋል። ኮትዲቯር ውስጥ ደግሞ ምስጥ አድነው የሚበሉ ጉንዳኖች አሉ። በጦርነት የቆሰለውን ጓደኛቸውን ተሸክመው ይመልሱታል። ቁስሉ ካመረቀዘ ከራሳቸው ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ ይቀቡታል። በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ እንክብካቤ ያመረቀዘ ቁስል ካላቸው ጉንዳኖች የሚሞቱትን በ90 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሚገርመው ያመረቀዘውንና ያላመረቀዘውን መለየታቸው ነው።

ዘመዴ የሳተው ያንን መለየት ነበር። ጫማ የላጠው ጤናማ ሰው እግር ቢሆን ኖሮ ማሩ ጥሩ ሽፋን በሆነ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ እግር ግን ሕመሙን አይናገርም፤ ነርቩ ደንዝዟል። ደሙም ጣቱ ድረስ በደንብ አይደርስም። ማሩ ላይ ላዩን ሲገድል ኢንፌክሽኑ ወደ ታች፣ ወደ አጥንት ወረደ። እሱ ግን ስላላመመው እየሻረ መሰለው።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ያየውን ቁስል፣ የምስር ፍሬ ቢያህል እንኳ፣ በዚያው ቀን ያሳይ። ሌላውም ሰው መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከቁስሉ ወደ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጠርዙ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ አይጠብቅ። ቃጠሎ ከሆነ ከማርም፣ ከቅቤም፣ ከጥርስ ሳሙናም በፊት ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ። በረዶ ሳይሆን ውሃ። ምስማር የወጋው ወይም አፈር የገባበት ቁስል ከሆነ የቴታነስ ክትባታችሁ መቼ እንደነበር አስታውሱና ጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ የቀባችሁትን አትደብቁ። ዘመዴ ማሩን የተናገረው ነርሷ ፋሻውን ፈትታ እጇ ሲጣበቅባት ነው። እንዳይቆጡት ፈርቶ ነበር። ማር ከሆነ ማር፣ ቅጠል ከሆነ ቅጠል፣ ዱቄት ከሆነ ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከስንት ቀን ጀምሮ እንደቀባችሁም ንገሯቸው። ቁስሉ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያውቁት ከዚያ ነው።